የኖራ ዋስ

— ሲኒውን ይተዉት እትዬ፣ እኔ አጥበዋለሁ። እርስዎ ገንዘቡን ይቁጠሩ።

— ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ሃያ ሴት በ500፣ 10,000 ሞልቷል። ባለዕጣዋ ነገ ከሥራ ስትወጣ ትወስዳለች። ይልቅ መጽሐፍሽን አንሺ፣ የጋላክሲ ቤተ መጻሕፍት ቀኑ እንዳያልፍብሽ።

— ጨረሱት?

— በሁለት ማታ። አጭር ነው።

— አጭር ነው ብቻ? ስለ «የአሻንጉሊት ቤት» የሚሉት ይኸው ነው?

— እውነቱን ልንገርሽ? ይህ ሁሉ ጫጫታ ለዚህ ነው ወይ ብዬ ነው የከደንኩት። አንዲት ሴት ባሏን ትታ ወጣች፣ በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ ስለዚያ በር ሲያወራ ይኖራል። ሴት አያቴ ሁለት ባል ፈትታ ነው ሦስተኛውን ያገባችው፤ ማንም ቲያትር አልጻፈላትም። እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ምኒልክን ከማግባታቸው በፊት አግብተው የፈቱ ነበሩ፤ ያ እቴጌ ከመሆን አላገዳቸውም። ደግሞ ስሟ! ኖራ ብሎ ስም፣ የግድግዳ ቀለም።

— እኔ ደግሞ ሌላውን «ኖራ» ነው የሰማሁት። እዚያ ቤት ስምንት ዓመት ኖራ ወጣች።

— ብልጥ ነሽ። ቢሆንም አያቴን አልመለሽልኝም።

— አያትዎ ርስት ነበራት?

— በእናቷም በአባቷም። በሰማንያ ያገባች ሴት ደግሞ ስትፈታ ይዛ የመጣችውን ይዛ፣ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ ነው የምትወጣ።

— ኖራ ይህ አልነበራትም። ቲያትሩ በታኅሣሥ 1879 ኮፐንሃገን ላይ ሲታይ ኖርዌይ ውስጥ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም ነበር። ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ ራሷ እንድታዝበት ሕግ የወጣላት በ1888 ነው። እና እኮ አያትዎ ከባሏ ቤት ወጥታ የት ሄደች?

— አባቷ ቤት።

— ከዚያስ?

— ከዚያማ ሌላ ባል።

— አዩ! ኖራ ግን ወደ ማንም አልሄደችም።

— ሄደች እንጂ። ማታውን ጓደኛዋ ዘንድ አድራ በማግስቱ ወደ ተወለደችበት አገር ልትሄድ ነው፤ አፏን ሞልታ ትናገራለች። አንብበሽዋል አይደል? አባቷ ባይሞት ኖሮ አባቷ ቤት ነበረች።

— እሺ፣ ይሁን። ግን ባል ፍለጋ አልሄደችም። ራሴን ላስተምር ብላ ነው የሄደችው። ልዩነቱ እሱ ነው።

— እሱን እቀበላለሁ። ግን ሕጉን በተመለከተ ለእኔ አትንገሪኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 635 የቤተሰቡን አለቃነት ለባል ይሰጥና ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ታዘዘዋለች ይላል። ረቂቁን ያዘጋጀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነው። ያን ቁጥር ስንቴ በእጄ ገልብጬ ጽፌዋለሁ! የተሻረው በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ነው። አርባ ዓመት። ስልጣኔ መጣ ሲሉን አለቃ ነው የመጣልን።

— ፈረንሳዊው ባይመጣ አለቃ ይጠፋ ነበር? አያትዎን ባሏ አያዛትም ነበር?

— ያዛት ነበር። ሲበዛባት ግን በቅሎዋን ትጭናለች።

— ስለዚህ በር መዝጋት አያስደንቅዎትም። ምንም ያስደነቀዎት ነገር የለም?

— አለ። ከበሩ በፊት ያለው። ባሏ ታመመ፤ ሐኪሞቹ ወደ ሞቃት አገር ካልወሰድሽው ይሞታል አሏት። 1,200 ስፔሲዳለር ተበደረች፤ እሱ በኋላ በመጣው ገንዘብ 4,800 ክሮነር ነው ይላል የመጽሐፍሽ ማብራሪያ። ጣልያን ወስዳ አዳነችው። ገንዘቡ ከአባቴ ነው አለች። ከዚያ ስንት ዓመት ከቤት ወጪ እየቆነጠረች፣ ርካሹን ልብስ እየመረጠች፣ አንድ ክረምት በሯን ቆልፋ ሌሊቱን ጽሑፍ እየገለበጠች ስትከፍል ኖረች። ባሏ ለገና ዛፍ አበባ የምትሠራ መስሎታል። ይህቺን ሴት አውቃታለሁ። ዛሬ እዚህ ተቀምጣ ቡና ጠጥታለች። አንድም አይደለችም።

— ከሃያዎቹ ስንቶቹ ናቸው ባላቸው የማያውቅ?

— የእቁብ ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን አይናገርም።

— እኔን የሚከብደኝ ይኸው ነው እትዬ። ምስጢር ያላት ሴት ሁለት ጌታ ነው ያላት፤ አንዱ ባሏ፣ ሁለተኛው ምስጢሯን የሚያውቀው። ያ ያበደራት ክሮግስታድ እኮ አንዲት ወረቀት ይዞ ቤቷ ሳሎን ድረስ ገባ።

— እኔን ክሮግስታድ እያልሽኝ ነው?

— ኧረ አልወጣኝም!

— ወጥቶሻል፤ ልክም ሳትሆኚ አትቀሪም። ሰብሳቢ መሆን የሚከብደው ለዚህ ነው። ግን ስሚኝ፤ መቀነት ለወገብ ብቻ የተሠራ ይመስልሻል? እናቴ ከገበያ ስትመለስ የእንቁላሉን ሳንቲም በጫፉ ቋጥራ ትመጣለች። እኔ የተማርኩት በዚያ ቋጠሮ ነው፤ ደብተሩም ጫማውም ከዚያ ወጣ። አባቴ እስኪሞት ድረስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተርም ጫማም ያድላል ብሎ እንዳመነ ነው የኖረ።

— እናትዎ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ምርጫ ማጣትን ጥበብ ብለን ስናመሰግነው ነው የምፈራው። ኖራ ብድሯን ስታስታውስ ደስ ይላታል፤ ወንድ የሆነች ያህል ይሰማታል። ኩራቱ እውነት ነው። ያን ኩራቷን ግን ማን አየላት? ሥራዋን ለማንም ማሳየት ስለማትችል ቀን ቀን የባሏ ጨዋታ ሆና ትውላለች፤ ብስኩት እንኳ ተደብቃ ነው የምትበላ። ምስጢሩ ነው አሻንጉሊት ያደረጋት።

— ወይስ አሻንጉሊት ስላደረጓት ነው ምስጢር የያዘችው?

— ይህንን አላውቅም። የእውነተኛዋን ሴት ታሪክ ግን ሰምተዋል? በማብራሪያው ላይ በደንብ አልተጻፈም።

— እውነተኛ ሴት አለች እንዴ?

— ላውራ ኪለር ትባላለች፤ ደራሲው ኢብሰን ከወጣትነቷ ጀምሮ ያውቃታል፣ የሚጠራትም በወፍ ስም ነበር፤ ልክ የኖራ ባል ቶርቫልድ ኖራን እንደሚጠራት። ባሏ ሳምባ ነቀርሳ ያዘው። በድብቅ ተበድራ ጣልያን ወስዳ አዳነችው። ዕዳው ሲያስጨንቃት በጥድፊያ ልብ ወለድ ጻፈችና አሳታሚ እንዲያገኝላት ለኢብሰን ላከችለት። እሱ ሥራው ደካማ ነው ብሎ መለሰላት፤ ይልቅ ሁሉንም ነገር ለባልሽ ንገሪ አላት።

— ከዚያስ?

— ጽሑፏን አቃጠለችው። በሐሰት ሰነድ ገንዘብ ልታወጣ ሞከረች፣ ተያዘች። ባሏ እብድ ናት ብሎ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አስገባት። አንድ ወር ያህል እዚያ ቆየች።

— ያዳነችው ባሏ?

— ያዳነችው ባሏ። በዓመቱ ኢብሰን ጣልያን፣ አማልፊ ተቀምጦ ቲያትሩን ጻፈ። ኮፐንሃገን ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ ኖራ እሷ መሆኗን አወቁ። በኋላ ባሏ ሲጠራት ተመልሳ ገባች።

— ልጆቿ ጋ ተመለሰች በይ። እና ይህን ነው ለእኔ መከራከሪያ ያመጣሽልኝ? የአንቺ ደራሲ ንገሪው ብሎ መከራት፤ ነገሩ ሲታወቅ እብድ ተባለች። ከዚያ እሱ ራሱ ምስጢሯን አደባባይ አወጣው፤ እሱ ከበረበት፣ እሷ ላይ ተጠቋቆሙባት። ንገሪ የሚል መካሪ ብዙ ጊዜ ሲነገር የሚመጣው እሱ ላይ አይደርስም።

— ኢብሰንን ለመከላከል አልነበረም። እሱ ራሱ በ1898 የኖርዌይ የሴቶች መብት ማኅበር ሲጋብዘው እኔ የሰውን ልጅ ነው የጻፍኩ እንጂ የሴቶችን ትግል ብዬ አልነበረም አላቸው። ላውራ ደግሞ ጸሐፊ ነበረች፤ እስከ 1932 ኖራ ብዙ መጻሕፍት ጽፋለች። የሚያስታውሷት ግን በእሱ ኖራ ነው። በዚህ እናደዳለሁ። ሆኖም ላውራ ያልተከፈተላትን በር ለኖራ ከፈተላት፤ ይህን መካድ አልችልም።

— ወረቀት ላይ በር መክፈት።

— ወረቀት ላይ ነው። ግን ስለ ምስጢር ከሆነ ሌላ መልስ ጽፎልዎታል። ሚስት ቤቷን እንዴት ትተዋለች ብለው ሲጮኹበት በ1881 «ሙታን መናፍስት» ልንለው የምንችለውን ቲያትር አወጣ። ወይዘሮ አልቪንግ ባሏን አልተወችም። ነውሩን ሁሉ ደብቃ፣ ስሙን አስከብራ ቀበረችው። የአባቱ በሽታ ልጇ ላይ ወጣ። የአውሮፓ ቲያትር ቤቶች እምቢ ስላሉት መጀመሪያ የታየው የት እንደሆነ ያውቃሉ? ቺካጎ፣ ግንቦት 1882፣ በስካንዲኔቪያ ስደተኞች፣ በገዛ ቋንቋቸው።

— እንደ እኛ ያሉ።

— እንደ እኛ ያሉ። ይህ ደጃችን ያለው ሴዳር ጎዳና ወደ ሰሜን ሲነዱት ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ነው የሚያደርስዎት። ዛሬ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ እኛም የምንኖርበት ሰፈር ያኔ የእነሱ ነበር። ከከንፈራቸው ሥር በሚይዙት ትንባሆ ስኑስ ቡለቫርድ ይሉት ነበር። በቋንቋቸው ቲያትር የሚያሳዩባቸው አዳራሾች እዚያው ነበሩ። ኢብሰንም ሴንት ፖል፣ ኮሞ ፓርክ ውስጥ ተቀርጾ ቆሟል።

— እሱ ነው እንዴ? የልጅ ልጆቼን ወደ አራዊቱ ስወስድ አይቼዋለሁ። ያንን ጺሙን አይቼ የእነሱ ሊቀ ጳጳስ መስሎኝ ነበር።

— እዚሁ አፕል ቫሊ ትልቅ የአራዊት ቤት እያለ ኮሞ ድረስ?

— የኮሞው በነፃ ነው። ወደ ነገራችን ተመለሺ። ወይዘሮ አልቪንግ የደበቀችው የባሏን ነውር ነው፣ ኖራ የደበቀችው የራሷን ሥራ ነው። የሌላ ሰው ቆሻሻ ላይ ክዳን መሆንና የራስን ጥሪት መሸሸግ አንድ ናቸው ብለሽ ልታስታርቂብኝ ነው?

— አንድ አይደሉም። ግን ሁለቱም ቤት ውስጥ ያለው ባል ሚስቱ ማን እንደሆነች ሳያውቅ ይኖራል።

— ይኑራ! ቶርቫልድ ሲያውቅ ምን አደረገ? ልጆቼን አታሳድጊም አላት። ወረቀቱ ሲመለስለት ደግሞ ተረፍኩ ብሎ ፈነጠዘ። ስለ እሷ መትረፍ ትዝ ያለው ኋላ ነው።

— ስለዚህ መውጣቷ ልክ ነው!

— ባሏን መተዋ አልቆረቆረኝም። ሦስቱ ልጆች ናቸው። ያቺ የጀርመን ተዋናይት አልጫወትም አለች ያልሽኝ ማን ነበረች?

— ሄድቪግ ኒማን-ራቤ። እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም፣ ስለዚህ መጨረሻውን አልጫወተውም አለች። ሌላ ሰው እንዳያበላሽበት ኢብሰን ራሱ ሌላ መጨረሻ ጻፈላት። ባሏ ልጆቹ ወደተኙበት በር ይጎትታታል፤ እሷም እዚያው ትወድቃለች፣ አትሄድም። ኢብሰን ራሱ ያንን በቲያትሩ ላይ የተፈጸመ አረመኔነት ብሎታል።

— እኔ ተዋናይቷን አልነቅፍም።

— ሞግዚቷንስ እትዬ? ኖራን ያሳደገችው ሞግዚት የራሷን ሴት ልጅ ለሰው ሰጥታ ነው እዚያ ቤት የገባችው። ድሃ ስለነበረች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ኖራ ልጆቿን ተወች ብሎ ሲጮህ ለሞግዚቷ ማን ጮኸ? የድሃ ሴት ልጅ ጥሎ መሄድ ሥራ ይባላል፤ የደህና ሴት ሲሆን ጉድ ይባላል።

— ያንን ገጽ ሁለቴ አነበብኩት።

— አውቃለሁ። ጥግ ላይ አጥፈውበታል።

— እኔ መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ ልጄ አራት ዓመቱ ነበር። ለእናቴ ትቼው ነው የመጣሁት። እዚህ የሰው ልጅ አሳደግሁ፣ ሽማግሌ አጠብኩ። እሱን ያመጣሁት ሰባት ዓመት ቆይቼ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጤና ይስጥልኝ አለኝ፤ እንደ እንግዳ። ስሄድ በሩን አልወረወርኩትም፣ ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት፣ እንዳይነቃ። ስለዚህ በኖራ በር ማንም ሲያጨበጭብ አብሬ አላጨበጭብም። መሄድ አልነበረባትም አልልም። ጭብጨባው ነው የማይገባኝ።

— ይህንን ነግረውኝ አያውቁም።

— አልጠየቅሽኝም። ቀጥይ፣ ልትዪ የፈለግሽው ነበር።

— ልል የነበረውማ... ያኔ ምስጢር ለምን እንዳስፈለገ ይገባኛል ልል ነበር። እዚህ አገር እንኳ እስከ 1974 ባንኩ ያገባችን ሴት የባልሽን ፊርማ አምጪ ሊላት ይችል ነበር፤ የብድር እኩልነት ሕጉ የወጣው ያን ዓመት ነው። ዛሬ ግን ማንም አይጠይቀንም። በራሴ ስም ሒሳብ አለኝ፣ ካርድ አለኝ። ሕጉ ከተቀየረ ምስጢሩ ምን ሰበብ አለው? የዛሬዎቹ ሃያ ሴቶች ሁሉም ደመወዝተኛ ናቸው።

— መልካም። እንግዲያው አንድ ልጠይቅሽ። ባለፈው እሑድ መጥተሽ በሚቀጥለው ዙር ልግባ፣ ግን ዕጣ ሳይወጣ የመጀመሪያውን 10,000 ለእኔ ይስጡኝ አልሽኝ። ያ ሁሉ ሒሳብና ካርድ እያለሽ ለምን ባንክ አልሄድሽም?

— የባንክ ወለድ...

— ልጄ።

— ወረቀቱ ቤት ይመጣል።

— ባልሽ ክፉ ነው?

— አይደለም። በጭራሽ። ይወደኛል። እኔ እያለሁልሽ ምን ያስጨንቅሻል ነው የሚለኝ።

— ገንዘቡ ለምንድን ነው?

— ለነርስነት ትምህርት። የቀን ክፍል ነው፣ ሰዓት መቀነስ አለብኝ። እሱ መጀመሪያ ቤት እንግዛ፣ ከዚያ ትማሪያለሽ ይላል። ይህን ሲል ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

— ንገሪው።

— እርስዎ ነዎት ንገሪው የሚሉኝ? የመቀነቱ ጠበቃ?

— እናቴ ብትናገር ይቀሟት ነበር። አንቺን ማን ይቀማሻል? አሁን ራስሽ አላልሽም እንዴ፣ ሕጉ ከተቀየረ ምን ሰበብ አለው?

— አይቀማኝም። ያዝናል። አምሽቶ ይመጣና ቀስ ብሎ፣ እንደፈለግሽ ይለኛል። ያኔ እተወዋለሁ እትዬ። ራሴን አውቃታለሁ። ቢቆጣ እኮ እከራከረው ነበር። ገንዘቡን ከፍዬ፣ ተመዝግቤ፣ ደብተሬን ይዤ ነው ልነግረው የምችለው።

— ይህችን ኢብሰን አልጻፋትም።

— አልጻፋትም።

— ዋስሽ ማነው? የመጀመሪያውን የምትወስድ ዋስ ታመጣለች፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ክሮግስታድም ይህንኑ ነው የጠየቃት።

— እርስዎ ይሆኑኛል ብዬ ነበር።

— ሰብሳቢ ዋስ አይሆንም።

— ሌላ ሰው የለኝም።

— ባልሽስ?

— ይህማ የኖርዌይ ሕግ ነው! የ1879!

— ነው። ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት።

— ታዲያ?

— ታዲያማ ደንቡን የማወጣው እኔ ብሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ የአሥራ ዘጠኝ ሴት ገንዘብ ነው። ስንቷ እንዳንቺ ደብቃ ያመጣችው ነው። አንቺ ብትቀሪ እነሱ ባላቸው ፊት ምን ብለው ይጮሃሉ? ያልነበረ ገንዘብ ጠፋብኝ ይላሉ?

— አልቀርም።

— ኖራም አልቀረችም፤ ልትጨርስ ትንሽ ነበር የቀራት። እስቲ መዝገቡን ከመሳቢያው አውጪው። ስምሽን ጻፊ፣ የዋሱን ቦታ ክፍት ተይው።

— እስከ መቼ?

— የሚቀጥለው ዙር እስኪጀመር። እስከዚያ ከሃያዎቹ አንዷን ታናግሪያለሽ፣ ወይ ባልሽን፤ የትኛው እንደሚቀልሽ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አልጠይቅሽም።

— ቀኑንስ? ያኔ ልጻፈው?

— አሁን። ችሎት ጸሐፊ ስለነበርኩ ይሆናል፣ ከመጽሐፍሽ ሁሉ የቆጨኝ እሱ ነው። አባቷ የሞተው መስከረም 29፣ እሷ በስሙ አስመስላ የፈረመችው ፊርማ የተጻፈበት ቀን ጥቅምት 2። ሦስት ቀን! ከዚያ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ በቀን ተያዘች። የዛሬውን ጻፊ፣ ትክክለኛውን።